አባቴን ብቻ ያመመው እንጉዳይ

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ አጋሮ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እንዴት ከረሙ እትዬ? ወገብዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ክረምቱ በእናንተ በኩል ጠንከር ብሎ ነበር ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር፤ ጎርፉ ደጃፍዎን ሳይነካ አልፎ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ቡናውስ ቀላ? ልጆችዎ፣ የልጅ ልጆችዎ፣ ጎረቤቶችዎ ሁሉ፣ ላም ካለችዎትም ላምዎ ሳትቀር፣ ደህና ይሁኑልኝ። እኛ አላህ ይመስገን አለን።

ስሜን ሳልጠራ ማን እንደሆንኩ ያወቁ ይመስለኛል። መርካቶ ጭድ ተራ ጀርባ ሦስት ዓመት ያሳደጉኝ፣ ፀጉሬን ሲጎነጉኑ እየጮህኩ ሰፈሩን የምሰበስብብዎት፣ የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ነኝ። እናቴ ሞታ እርስዎ አባቴን አግብተው ቤታችን ሲገቡ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ነስረዲን ገና ዳዴ ይል ነበር። ሲወጡ አሥራ አንድ ዓመቴ። አሁን አርባ ሦስት ሞልቶኛል፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ወፍሬአለሁ፣ መነጽር አድርጌአለሁ። የት እንዳሉ ያገኘሁት ከአጋሮ ማር ከሚያመጣልን ነጋዴ ነው። ስምዎን ብጠራለት ጎረቤታችን ናቸው፣ ዛሬም መጽሐፍ ከእጃቸው አይጠፋም አለኝ። ከአባባ በኋላ ያገቧቸው ባለቤትዎ ማረፋቸውንም ያኔ ነው የነገረኝ። አላህ በጀነት ያኑራቸው፤ ለእርስዎም ሰብሩን ይስጥዎት።

ስልክ ቁጥርዎንም ሰጥቶኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይነሳ ዘጋሁት። ከደንበኛ ጋር ስከራከር አፌ የማይያዝ ሴት፣ ለእርስዎ የመጀመሪያዋን ቃል አጣሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። በደብዳቤ ሲሆን ሰው መሐል ላይ አያቋርጥም፤ የጸሐፊውም እንባ አይታይም።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምር። ሥሩ ደግሞ፣ አይሳቁብኝና፣ ነቀዝ ናት።

የምሸጠው የስልክ ዕቃ ነው፤ ቻርጀር፣ ከቨር፣ ኤርፎን። ከአራት ዓመት በፊት ከቻይና ካስመጣሁት ዕቃ ጋር ሁለት ካርቶን ሌንስ መጣ። እንደ ልብስ መቆንጠጫ የስልኩ ካሜራ ላይ ይቆነጠጥና ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ ያነሳል። ዕቃው አልሄድ አለ። ያየው ሁሉ ምን ይሠራልኛል ብሎ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ ለቂንጬ የገዛሁትን ስንዴ ሱቅ ውስጥ በትሪ ዘርግቼ ስለቅም ነቀዝ አገኘሁና እስቲ በዚህ ልሞክረው ብዬ አነሳኋት። እትዬ፣ ነቀዝ አፍንጫ አላት! ረጅም፣ ወደ ታች የታጠፈ። ጀርባዋ መስመር በመስመር ተቆፍሮ ያለቀለት ጥልፍ ነው። ዕድሜ ልኬን በጥፍሬ ስጨፈልቃት የኖርኩ ፍጥረት ይህን ሁሉ ጌጥ ተሸክማ ነበር። ሱብሐነላህ ብዬ ስንዴውን ረሳሁት።

ከዚያ ወዲያ አበድኩ ይበሉኝ። ማንጎ ላይ ያረፈች ዝንብ፣ የሕንፃው ደረጃ ላይ የሞተች የእሳት እራት ይዛ የምትጎትት ጉንዳን፣ ሁሉንም ማንሳት ሆነ ሥራዬ። ልጆቼ የዝንብ ፎቶግራፈር ይሉኛል። ፎቶዎቹን ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ አንድ ሰው እሑድ እሑድ ከጉለሌ በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ይህንኑ የሚያደርጉ ሰዎች እንዳሉ ጻፈልኝ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ሄድኩ። አሥራ ሁለት የምንሆን እብዶች ነን። የሚመሩን ጋሽ ሀብተ ወልድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። የኮታቸው ዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፣ ግን እሳቸውን የሚያህል አጥር ዘላይ አላየሁም።

ጋሽ ሀብተ ወልድ ዘንድ እንጉዳይን አንዴ ጠቅ አድርጎ መሄድ የለም። ከላይ ይነሳል፣ ከጎን ይነሳል፤ ከዚያ የኪስ መስታወት ከሥሩ ይገባና የሆዱ እጥፋት በመስታወቱ ውስጥ ይነሳል። መጠኑ እንዲታወቅ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ይቀመጣል። ምን ላይ እንደበቀለ፣ ምን እንደሚሸት፣ ሲቆረጥ ቀለሙ ይቀየር እንደሆነ በደብተር ይጻፋል። ቤት ሲገባ ባርኔጣው ነጭ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ያድራል፤ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ባራገፈው ዱቄት ቀለም ዘሩን ለመለየት ይሞከራል። ያም ሆኖ ስንቱን አላወቅነውም ብለን እናልፈዋለን። አላውቅም ማለት ነውር ያልሆነበት ቦታ መርካቶ ውስጥ አላየሁም፤ እዚያ ግን ከሁሉ የሚከበረው መልስ እሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጢንዚዛ አንስቼ ደብተሬ ላይ መርዘኛ ናት ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሀብተ ወልድ አነበቡና ሰው ስትመርዝ አይተሻል ወይ አሉኝ። አላየሁም፣ ግን ሰዎች ይላሉ አልኳቸው። እንግዲያው ሰርዢው፣ ያየሽውን በዚህ ገጽ ጻፊ፣ የገመትሽውን ደግሞ በሌላ ገጽ፣ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ከዋሸ ሰው አይሻልም አሉኝ። እሳቸው ለጢንዚዛዋ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ላይ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቆሜ ራሴን አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል ከላዬ አልወርድ አለ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ እሑድ፣ ሲዘንብ ያደረ ጫካ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ጉቶ ሥር እቅፍ ሙሉ የሚሆን እንጉዳይ ተጠጋግቶ በቅሎ አገኘሁ። አመድማ ነው፤ እንደ ደወል ጎበጥ ያለ፤ ዳር ዳሩ የተሰነጠቀ። በሆዴ ተኝቼ፣ ሒጃቤ ጭቃውን እየጠጣ፣ ሃያ ሦስት ፎቶ አነሳሁት። ሁለቱን ቆርጬ በወረቀት ከረጢት ያዝኩ። በምሳ ሰዓት ለጋሽ ሀብተ ወልድ ላሳያቸው ከረጢቱን ስከፍተው እንጉዳዩ ቀልጧል። ወረቀቱ በጥቁር ቀለም ርሷል፤ ጣቶቼ እንደ ጸሐፊ ጣት ጠቁረዋል። ጣቶቼን ሳይ የእርስዎ ጣቶች ትዝ አሉኝ፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ያንን ሳምንት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ቢሆንም በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍልዎት፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኛል።

እሑድ ነበር። መርካቶ ውስጥ ዛፍ የለም፣ ዓይኔ ደረቀ ብለው እኔንና ነስረዲንን ይዘው ከጉለሌ በላይ ወጡ። አንድ ጉቶ ሥር ተንበርክከው በነጠላዎ እንጉዳይ ለቀሙ። እኔ የጅብ ጥላ ነው፣ የጅብ ጥላ ነው ብዬ ስጮህ ሳቁብኝና በእኛ አገር ይህን ለእንግዳ ነው የምናቀርበው አሉኝ። ቶሎ እንግባ፣ ከቆየ ቀለም ይሆንብናል ብለው ቁልቁለቱን አስሮጡን። ቤት ስንደርስ ጣቶችዎ ጠቁረው ነበር። በቅቤና በቀይ ሽንኩርት ጠበሱት። ከነጠላዎ ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው፣ ከእናትዎ ቤት የመጣውን የተወቀጠ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ድስቱ ውስጥ ነሰነሱ። አባባ ከመግሪብ ሲመለስ የሱን እንደ ልማድዎ በሳህን ለብቻው አቀረቡለት፤ እኛ ሦስታችን ከድስቱ በላን።

አባባ ወደደው፤ ጨምሪልኝ አለ። ሲጨምሩለት ግን አንድ ነገር አሉት፦ ለሦስት አራት ቀን ከምንይሉ ጋር እንዳትቀመጥ። ምንይሉ ከማረቆ በርበሬ የሚጭንለት ሾፌር ነበር። መኪናው በገባ ቁጥር አባባ አውቶቡስ ተራ አንድ ሆቴል ሻይ ሊጋብዘው ይሄዳል፤ ሲመለስ ሁልጊዜ ቅርንፉድ ያኝካል። እኔ ጥርሱን የሚያመው ይመስለኝ ነበር። ቅርንፉዱን ጠዋት ጠዋት ኮቱ ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጡለት እርስዎ ነበሩ። ያን ቀን አባባ ሳቀና እንጉዳይና ምንይሉን ምን አገናኛቸው አለዎት።

ሰኞ የምንይሉ መኪና ገባ። አባባ ከዒሻ በፊት ቤት ሲገባ ፊቱ የሚሸጠውን በርበሬ መስሏል። ልቡ ሲመታ በሸሚዙ ላይ ይታያል። አስመለሰው፣ አላበው፣ ልሞት ነው አለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀው። ማክሰኞ ደህና ዋለ። ረቡዕ ምንይሉን ሊሸኝ ሄደ፤ ሲመለስ ያው በሽታ ብሶበት ተመለሰ።

አክስቴ ጠሂራ፣ የአባባ ታላቅ እህት፣ ያኔ መጣች። አራት ሰው በልቶ አንዱን ብቻ ለምን አመመው አለች። ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ጋሽ ሀብተ ወልድ ቢሰሟት ጎበዝ ይሏት ነበር። መልሷ ነው የከፋው። ጅማዪቱ በሳህኑ ላይ መድኃኒት አድርጋበታለች አለች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሸሁና ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። እርስዎ ከቅመም በቀር ምንም አልጨመርኩም አሉ። ቅመሙን የት ላይ እንደጨመሩት ያየ ሰው አለ ወይ ሲባል እኔን ጠሩኝ። አክስቴ ጠዋት ፀጉሬን ስታበጥረኝ ያየሽውን ተናገሪ ብቻ ነበር ያለችኝ፤ በዚህ አላማትም። ቋጠሮውን ሲፈቱ አይቻለሁ አልኩ። እውነት ነበር። ከዚያ በአባባ ሳህን ላይ ብቻ ነሰነሰች አልኩ።

ብቻ። ውሸቴ እትዬ ይህቺ አንዲት ቃል ናት። ድስቱ ላይ ሲነሰንሱ አይቻለሁ፤ ከዚያው ድስት በልቻለሁ፤ ኮረሪማው ጥርሴ ውስጥ ገብቶ በምላሴ ሳወጣው አምሽቻለሁ። ለምን እንዳልኩም አውቃለሁ፤ አልደብቅዎትም። በዚያው ሳምንት የእናቴን ሻሽ አጥበው አስጥተውት ነበር። ቆሽሿል ብለው፣ ለእኔው ብለው። እኔ ግን ትራሴ ሥር የማስቀምጠው ለሽታዋ ነበር፤ ሽታዋ በሳሙና ሄደ። ያንን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ያቦካሁት ሠላሳ ሁለት ዓመት ተበላ።

እኔ ያንን ስናገር እርስዎ እኔን አላዩኝም፤ አባባን ነው ያዩት። አባባ ምንጣፉን አየ። ሸሁ የምትጨምሪው ነገር አለ ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁዎት። የለም አሉ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሻንጣ ይዘው ሲወጡ ነስረዲን ቀሚስዎን ይዞ አልለቅ አለ፤ አክስቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። መዋሸቴን እያወቁ ሳሙኝ። ያ መሳም እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ወደ ጫካው ልመለስ። ጋሽ ሀብተ ወልድ የቀለጠውን እንጉዳይና ፎቶዎቼን አገላብጠው አዩና ሳቁ። ይህ ጉደኛ ነው አሉ። ትኩሱ ተጠብሶ ሲበላ ምግብ ነው፣ ማንንም አይነካም፤ የበላው ሰው በዚያው ቀን ወይም እስከ አራት አምስት ቀን ድረስ መጠጥ ከቀመሰ ግን ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ይለቀዋል፤ ደግሞ ከጠጣ ደግሞ ይይዘዋል። ወደ ሒጃቤ አዩና አንቺማ በድስት ብትበይውም ምንም አትሆኚ አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በጠቆሩት ጣቶቼ ቀን እቆጥር ነበር፤ እሑድ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ።

ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት ቢሆን ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት የመጠጡን ነገር ነበር። እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ በማንም ልብ አይመጣም። ከዚህ በላይ አልጽፍም እትዬ። ያልጻፍኩትን እርስዎ ከእኔ በፊት ያውቁታል።

ለጋሽ ሀብተ ወልድ የማን ታሪክ እንደሆነ ሳልናገር፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት የተበላ እንጉዳይ ይህ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አይቻልም አሉኝ፤ ፎቶ የለ፣ ናሙና የለ፤ ግምት በሚባለው ገጽ ጻፊው። ማረጋገጥ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ አባቴ ነው። ሐጅ ያደረገ፣ መስጊድ የፊት ሰፍ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ወንበር የተቀመጠለት፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ። በምን አፌ ልጠይቀው? ፎቶውን ስልኬ ውስጥ ይዤ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። አብሬው ቁርስ እበላለሁ፣ መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ፣ ስልኬን ኪሴ እመልሳለሁ።

መውሊድ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። አክስቴ ጠሂራ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ ቢያልቅም ምላሷ አላለቀም። ልጄ የእናቷን እብደት ልታሳይ ስልኬን ለእንግዶች ስታዞር አክስቴ እንጉዳዩን አየችና ይህን የጅብ ጥላ ከቤት አውጡ አለች። ከዚያ ያንኑ ታሪክ ጀመረች፤ ጅማዪቱ ወንድሜን በሳህኑ መርዛው፣ አላህ ባያወጣው ኖሮ። በየዓመቱ የምትለው ነው። ልጆቼም በቃላቸው ያውቁታል፤ ስምዎን ግን አያውቁም፤ በቤታችን ጅማዪቱ ከመባል በቀር ስም አልነበረዎትም።

ተነሳሁ። ስለ አባባ የማውቀው ነገር ግምት ነው፤ ስለ ራሴ የማውቀው ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ ያንን ብቻ ተናገርኩ። ቅመሙን ድስቱ ላይ ነው የነሰነሰችው፣ እኔም ነስረዲንም እሷም በልተነዋል፣ ለሽማግሌዎቹ ዋሽቻለሁ አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አውቄ ነው አልኩ። አክስቴ ታዲያ አንዱን ብቻ ለምን አመመው አለች። ያችው ጥሩ ጥያቄዋ! ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ ስልኬ ላይ፣ ሃያ ሦስት ፎቶ። ያኔ ነው እትዬ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ከአፍ የሚወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ሰው ዳግመኛ ቀና ብሎ መስጊድ አይገባም። አላውቅም አልኩ።

አባባ የያዘውን ፍንጃል አስቀመጠ። እኔ አውቃለሁ አለ። ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም፤ ያመመኝ በገዛ እጄ ነው፤ ከእጇ ክፉ ነገር ቀምሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ምንጣፉን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አለ። አክስቴ ምን ነግራህ ነበር ብትለው እሱ በእኔና በአላህ መካከል ነው፣ የሷ ንጽሕና ግን በሁላችሁ ፊት ነው አላት። ከዚያ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እናቴ ስትሞት እንኳ።

ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ልጄ ግን ስሟ ማነው ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። አክስቴ ጠሂራ ፎቶውን አምጪው አለችኝና መነጽሯን አድርጋ አየችው። ይቅር በይኝ በያት ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ። እንጉዳይ ግን አሁንም አልበላም ብላለች።

እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ ስጽፍ ስጽፍ ምስጋናው በዛብኝ። እርስዎ ያኔ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ኖሮ ስምዎ ይተርፍ ነበር፤ አባባ ግን ገበያውንም የመስጊድ ጀመዓውንም አጥቶ፣ እኔና ነስረዲን የማን ልጆች እየተባልን እናድግ ነበር። በአባባ ስም ነው የተማርነው፣ በአባባ ስም ነው የተዳርኩት። ያ ስም የማን ስጦታ እንደነበር አሁን ገባኝ። አባባ ራሱም ከዚያ ሳምንት በኋላ ምንይሉን ሸኘው፤ በርበሬ የሚያመጣ ሌላ ሾፌር ያዘ። ቅርንፉድ አፉ ውስጥ ዳግመኛ አላየሁም። ያንንም እርስዎ ነዎት ያደረጉት እላለሁ፣ በግምት ገጽ ላይ ቢጻፍም። አመሰግንዎታለሁ። ግንባሬን ስለሳሙኝ አመሰግንዎታለሁ። የእናቴን ሻሽ ስላጠቡልኝም፣ አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አመሰግንዎታለሁ።

ፎቶዎቹን አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር አድርጌአለሁ። ነቀዟም አለችበት፤ አፍንጫዋን ይዩልኝ። እንጉዳዩን አይተው እሱ መሆኑን አለመሆኑን ይንገሩኝ። እርስዎ ካሉ ከግምቱ ገጽ አውጥቼ ወደ ሌላው አዛውረዋለሁ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጤናዎን ያብዛልዎት፤ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎት፤ እጅዎ የነካው ሁሉ በረካ ይሁን። የተናገርኩብዎትን አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እርስዎም ከቻሉ ይበሉኝ፤ ካልቻሉም ፍርድዎ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ደብዳቤ ያቀበለዎት ረጅሙ ሰውዬ ማን ነኝ አላለዎትም፤ እኔ ነኝ እንዳይናገር ያልኩት። ነስረዲን ነው። ከመንገዱ ዳር በቆመችው ነጭ መኪና ውስጥ ደግሞ አባባ ተቀምጧል። አንብባ ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፣ ግባ ካላለችኝ መልሱኝ፣ አትለምኑልኝ ብሎናል። ይግባ ቢሉትም ይመለስ ቢሉትም የእርስዎ መብት ነው፤ ሁለቱንም ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እኔ አብሬ አልመጣሁም፤ የኔን ተናግሬአለሁ፣ የቀረው የሱ ነው። ጆሮው ስለከበደ ግን ሲጠሩት ትንሽ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉለት።

ልጅዎ